ከዓይን የወጣው ሥጋ የት ገባ?

(በሬዲዮ የጤና ዝግጅታችን ላይ ከተላለፈ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የቀረበ)

ባለፈው ስለ ትራኮማ ባወራን ጊዜ በርካታ አድማጮች «ዓይን ላይ ስለሚበቅለው ሥጋስ ለምን አትነግሩንም?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም የዓይን ሐኪም እንደመሆኔ ብዙ ቀን የማየው ይህንኑ ስለሆነ፣ ዛሬ አላህ ካለ በዚሁ ላይ እንቆያለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ አካባቢ አንዲት እህት ወደ እኔ ተልካ መጣች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። አብሯት የመጣው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ነው። የግራ ዓይኗ ላይ፣ ነጩና ጥቁሩ በሚገናኙበት ድንበር፣ በጆሮ በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቢጫ መሰል ጠንካራ እብጠት አለች።

«ስንት ጊዜዎ ነው እህቴ?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ ወጥቶልኛል፤ ይኸው ሦስተኛው ነው። ባወጡት ቁጥር ይመለሳል።»

«ያወጡት ሥጋ የት ገባ? ለምርመራ ተልኮ ነበር?»

ግራ ገብቷት ልጇን አየችው። ልጁ ነው የመለሰልኝ፤ «ዶክተር፣ እዚያው ባልዲ ውስጥ ነው የጣሉት። የፀሐይ ሥጋ ነው፣ ምንም አይደል ነው ያሉን።»

የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እነሱን ለመውቀስም አይደለም የማነሳው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከዓይን ያወጣሁትን ሥጋ ከጥጡና ከፋሻው ጋር አብሬ የጣልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሰልፉ ረዥም ነው፣ የምርመራው ክፍል ሩቅ ነው፣ የታካሚው ገንዘብ ለመሳፈሪያም አልበቃ ብሎ ይሆናል። «የታወቀ ነገር ነው» ብለን እናልፋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግምታችን ልክ ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ልክ አይሆንም። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ «አንዳንዴ» ነው።

በመጀመሪያ አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን እንይ። «ዓይኔ ላይ ሥጋ በቀለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ቴሪጂየም የሚሉት ነው። ከአፍንጫ በኩል ካለው ነጭ ክፍል ተነስቶ፣ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ጥቁሩ ይሳባል። ፀሐይ፣ አቧራና ንፋስ የሚበዛበት ሰው፣ ማለትም ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ እረኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የበለጠ ያገኘዋል። ካንሰር አይደለም። አዝጋሚ ነው፤ ዕይታን ካልከለለና ካልቆረቆረ ሳይነካ ቢቀመጥም ችግር የለውም። ይህ ያለበት ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ እንዳይደነግጥ አደራ።

ሌላው ደግሞ አለ። የዓይናችንን ነጭ ክፍልና የቆባችንን ውስጥ የሚሸፍን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ በሕክምና ቋንቋ ኮንጀንክታይቫ ይባላል። ስስ ቢሆንም አንድ ወጥ አይደለም። ላይኛው እንደ ቆዳ ያለ የሕዋሳት ድርድር ነው። ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ አካል አለ፤ በውስጡ የደም ሥር፣ ነርቭ፣ ቃጫ፣ ስብ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። እንግዲህ ዕጢ ከላይኛው ድርድር ሊነሳ ይችላል፣ ከሥረኛው ለስላሳ አካልም ሊነሳ ይችላል። ከሥር የሚነሱት ጥቂቶች ናቸው፤ አንድ የዓይን ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንዳንዶቹን አንድም ጊዜ ላያያቸው ይችላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ያላዩትን ነገር በዓይን መለየት አይቻልም፤ የደም ሥር ዕጢም፣ የነርቭ ዕጢም፣ የቃጫ ዕጢም ከውጭ ሲታዩ ሁሉም «ሥጋ» ናቸው።

ወደ እህታችን ልመለስ። የእሷ እብጠት ሦስት ነገር አሳሰበኝ። አንደኛ ቦታው፤ የፀሐይ ሥጋ በብዛት በአፍንጫ በኩል ሲሆን የእሷ በጆሮ በኩል ነው። ሁለተኛ ቅርፁ፤ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ሳይሆን ክብና ጠንካራ ነው። ሦስተኛ መመለሱ። በእርግጥ የፀሐይ ሥጋም ከወጣ በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ መመለሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ዝም ማለት አይቻልም።

ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ አየኋት። ከእብጠቷ በላይ ያለው ሽፋን ለስላሳና ጤነኛ ነው፤ እብጠቷ ያለችው ከሥሩ ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ጨምሬ በጥጥ እንጨት ገፋ ባደርጋት አትነቃነቅም፤ ከሥሩ ካለው ነጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቃለች። ቆቧን ገልብጬ አየሁ፤ ከጆሮዋ ፊትና ከመንጋጋዋ ሥር ያሉትን ንፍፊቶች በጣቴ ዳሰስኩ፤ አላበጡም፣ አልሐምዱሊላህ። መጠኗን ለክቼ ፎቶ አነሳሁ። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ንፍፊት መዳሰሱ ለዓይን ሕመም ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል፤ ከዓይን ላይ የሚነሳ ክፉ ዕጢ ሲዛመት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ነው። በዚህ ጊዜ አወጣጡ ይለያል። ዕጢውን ራሱን በመቆንጠጫ ሳይነኩ፣ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሽፋን ጥቂት ሚሊ ሜትር ጨምሮ አንድ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። የወጣው ሥጋ እንዳይጠቀለል ንጹሕ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ፣ የትኛው ወገን በላይ የትኛው በአፍንጫ በኩል እንደነበር ምልክት ተደርጎበት፣ ፎርማሊን ባለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ዕቃው ላይ ስም ይጻፋል። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ሲዘነጋ ስንት ናሙና ከጥቅም ውጭ እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ፣ በፎርማሊን ፈንታ ውሃ የተጨመረበት ብልቃጥ፤ ሥጋው ይበሰብሳል፣ ታካሚው ለሁለተኛ ጊዜ ይቆረጣል።

የምርመራው ክፍል ሲደርስ ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም ይረከበዋል። ሥጋውን በሰም ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሰሙ ሲጠነክር በጣም ስስ አድርገው ይቆርጡታል፣ ውፍረቱ አምስት ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት መቶ ሲከፈል ማለት ነው። ከዚያ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል።

የእህታችን ውጤት በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ልጇ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ገባ፤ እንግሊዝኛውን ለማንበብ ሲታገል ነው ያደረው። እንዲህ ይላል፤ ሕዋሳቱ እንዝርት ይመስላሉ፤ አደራደራቸው እንደ ሰሌን ሽመና የተጠላለፈ ነው፤ ምንነቱን ለመለየት ተጨማሪ ማቅለሚያ ያስፈልጋል።

«እና ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» አለ ልጁ።

«ገና አልታወቀም» ማለት ለሐኪምም ለቤተሰብም ከባድ ቃል ነው። እናቱ ግን ከእኛ ይልቅ ረጋ ብላ «አላህ ያውቀዋል፤ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አለች።

እንዝርት የሚመስል ሕዋስ ብዙ ዘር አለው። ከነርቭ ሽፋን የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ ከጡንቻም፣ ከደም ሥርም፣ ከቃጫም። ስለዚህ ከዚያው ሰም ውስጥ ካለው ሥጋ ሌሎች ስስ ቁራጮች ተወስደው ልዩ ልዩ ማቅለሚያ ይቀርብላቸዋል። ኤስ-100 የተባለውን የሚቀበል ከሆነ ወደ ነርቭ ወይም ወደ ቀለም ሕዋስ ያመለክታል፤ ዴስሚንን የሚቀበል ከሆነ ወደ ጡንቻ፤ ሲዲ34 ደግሞ ወደ ደም ሥርና ወደ አንዳንድ የቃጫ ዕጢዎች። አንድን እንግዳ የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ከየጎሣው ሰው እየጠሩ «ታውቀዋለህ?» እንደማለት ነው። ይህ ማቅለሚያ በሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሰሙ ከቦታ ቦታ ይጓጓዛል፤ ታካሚዋ መሄድ አያስፈልጋትም። ሰም ውስጥ የገባ ሥጋ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አዲስ ጥያቄ ቢነሳ እንደገና ሊቆረጥና ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁራጮች ባልዲ ውስጥ ባይገቡ ኖሮ መልሱን ከዓመታት በፊት ባገኘነው ነበር።

መልሱ ፋይብረስ ሂስቲዮሳይቶማ የሚባል ዕጢ ነው። ዓይን ላይ ሲወጣ ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበትን ድንበር ይወዳል። አብዛኛው ክፉ አይደለም፣ ሩቅ አይሄድም፤ ሥሩ ከቀረ ግን ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥርም ጠለቅ ይላል። ሁለት ጊዜ ላይ ላዩን ተላጭቶ ነው የተመለሰው ማለት ነው። በሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ከነጩ ግድግዳና ከጥቁሩ ጠርዝ ስስ ሽፋን አብሮ መነሳት ነበረበት። ዳሩ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዓይኗ ተርፏል፤ ጠባሳው የጥቁሩን ጠርዝ ስለያዘው ግን በዚያ ዓይን የምታየው እንደ ድሮው አይደለም። መጀመሪያውኑ ቢታወቅ ኖሮ ጠባሳው በጣም ትንሽ በሆነ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወንድሞችና እህቶች፣ «ስሙን አውቆ ምን ይጠቅማል፣ ያው ወጥቷል አይደል?» የሚሉ አሉ። ስሙ ሕክምናውን ስለሚለውጠው ነው።

ለምሳሌ ሊምፎማ የሚባለው ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው፤ ዓይን ላይ ሲታይ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ የማያም ጠፍጣፋ ነገር ነው። እሱን ቆርጦ መጨረስ ዓላማ አይደለም፤ ናሙና ተወስዶ ስሙ ከታወቀ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታከመው በጨረር ነው፣ ሌላው ሰውነትም መመርመር አለበት። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ደግሞ ከደም ሥር ወገን ነው፤ ደማቅ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ከታችኛው ቆብ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሰው «ዓይኔ ደም ቋጠረ» ብሎ ለወራት ጠብታ ሲጨምር ይቆያል። ደም የቋጠረ ዓይን በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠራል። ካልጠራ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ማይክሶማ የሚባል ደግሞ አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው። ዓይን ላይ ሲወጣ ሥጋው ጀሊ ይመስላል፤ ራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ካርኒ የተባለው ሐኪም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች ይህ ዓይነት ዕጢ ዓይን ላይ ወይም ቆዳ ላይ ሲታይ ልብ ውስጥም ተመሳሳይ ዕጢ ይኖራል። የልቡ ዕጢ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውየውን በድንገት ይጥለዋል። አስቡት፤ ዓይን ላይ የወጣች ትንሽ ጀሊ ማይክሮስኮፕ ሥር ስትታይ ልብን በአልትራሳውንድ ማየት እንደሚያስፈልግ ትናገራለች። ባልዲ ውስጥ ከተጣለች ግን ማንም አይሰማትም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ላስቸኩል። በሕፃን ዓይን ላይ ወይም ቆብ ውስጥ ሮዝ እብጠት ወጥቶ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ራብዶማዮሳርኮማ የሚባል ከጡንቻ ወገን የሆነ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። እሱ ከሆነ ግን ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በጨረር ይታከማል፣ ብዙ ልጆችም ይድናሉ። «ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው» እያሉ ሳምንት ማሳለፍ በልጁ ላይ መፍረድ ነው። ሩቅያ የሚያስቀራ ሰው ያስቀራ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ብቻ ዓይን ውስጥ ቅጠል ተጨምቆ፣ ማር ተንጠብጥቦ፣ ዱቄት ተነስንሶ አይግባ። ያ ቁስል ጨምሮበት ሲመጣ እኛም የምናየው ነገር ይጠፋናል። እህቶችም ለምርመራ ስትመጡ ኩሉን ለዚያ ቀን ተዉት፤ ጥቁር ዱቄት ሽፋኑ ላይ ሲቀመጥ ለማየት ያስቸግራል።

ከላይኛው ድርድር ስለሚነሳው ካንሰርም ጥቂት ልበል፤ በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚታየው እሱ ነውና። በ1996 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የብዙ አገሮችን መዝገብ አነጻጽሮ፣ ከምድር ወገብ በየ10 ዲግሪው በተራቀ ቁጥር ይህ የዓይን ካንሰር በ49 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዩጋንዳ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ1.2 በላይ ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር ከ0.02 በታች ነው። ምክንያቱ የፀሐይ ጨረር ነው። አገራችንም ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ደጋዋም ከፍታ ስላለው ጨረሩ ይበረታል። ባርኔጣ፣ ጥላና መነጽር ለጌጥ ብቻ አይደሉም።

ሁለተኛው ምክንያት ኤች.አይ.ቪ. ነው። በ1990ዎቹ ካምፓላ ላይ የተሠራ ጥናት ግንኙነቱን በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ ዓይኑ ላይ አጠራጣሪ ሥጋ የወጣበትን ሰው ሐኪሙ «የደም ምርመራ እናድርግ?» ቢለው ስድብ አድርጎ አይውሰደው። ያቺን እህት ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ፤ «እኔ እንዲህ ያለች ሴት አይደለሁም» አለችኝ። «ለሁሉም ነው የምጠይቀው፣ ለእናቴም ብሆን እጠይቃለሁ» ስላት ተስማማች። ነፃ ሆና ተገኘች። ባትሆንም ኖሮ ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ሰውየው ዓይኑን ሊታከም መጥቶ ሕይወቱን ያተርፋል።

ጎረቤታችን ኬንያ ሐኪሞች ሰማያዊ ማቅለሚያ ዓይን ላይ በማንጠብጠብ ይህን ካንሰር ከሌላው ለመለየት ሞክረዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት ማቅለሚያው ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 92ቱን ያሳያል፤ ካንሰር የሌለባቸውን በትክክል «ነፃ ናችሁ» የሚለው ግን ከ100 31ዱን ብቻ ነው። ለመጠርጠር ይረዳል፤ ለመፍረድ አይበቃም። እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ መመለስ ነው። እነዚሁ ሐኪሞች በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ፋይቭ ፍሎሮዩራሲል የተባለ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ ለአራት ሳምንት ሲሰጥ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመለስባቸው ከ36 በመቶ ወደ 11 በመቶ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ትልቅ ውጤት ነው። ይህ ጠብታ ግን የሚሠራው ላይኛው ድርድር ላይ ለሚነሳው ነው፤ ለእህታችን ዓይነት ከሥር ለሚነሳ ዕጢ አይደለም። ስም ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህም ታዩታላችሁ።

ጠብታ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ «ረመዷን ላይ ብሆንስ?» ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል፤ ወደ ጉሮሮ የደረሰ ካለ አለመዋጥ ነው። ጠብታውን ከጨመሩ በኋላ የዓይንን የአፍንጫ ወገን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርጎ መያዝ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል። ልቡ ያልረጋ ሰው በአካባቢው ያሉትን ዑለማዎች ይጠይቅ፤ ብቻ ሳይጠይቅ ሕክምናውን አያቋርጥ። ለውዱእም እንዲሁ ነው። የታሸገ ዓይን ላይ ውሃ ማፍሰስ የለም፤ በፋሻው ላይ ማበስ ተፈቅዷል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ማጎንበስ ከከለከለ ሱጁድን በምልክት መስገድ ለበሽተኛ የተሰጠ ቀላል መንገድ ነው።

ነገ ከእናንተ አንዱ ወይም የቤተሰቡ አባል ዓይኑ ላይ ሥጋ ሊወጣለት ወደ ሕክምና ቢሄድ፣ ከመተኛቱ በፊት «ሥጋው ለምርመራ ይላካል?» ብሎ ይጠይቅ። ከተላከ የምርመራውን ቁጥር በወረቀት ይቀበል። ውጤቱን በስልክ «ደህና ነው» ብቻ ተብሎ አይለፍ፤ ወረቀቱን ይያዝ፣ ሰሙ የት እንደተቀመጠም ይወቅ። ሐኪሙ «አያስፈልግም» ካለ ለምን እንደሆነ በትሕትና ይጠየቅ፤ ጥሩ ሐኪም አይቆጣም። ምርመራው ሩቅ ከሆነ ብልቃጡን የሚያደርስ ሰው አይጠፋም፤ ያቺን ብልቃጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል ያመላለሰው ልጇ ነበር፣ በአውቶቡስ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

ባለፈው ቀጠሮዋ መጥታ ነበር። ዓይኗን አይቼ ስጨርስ፣ አብራት የመጣችውን ጎረቤቷን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። የሴትዮዋ ቀኝ ዓይን ላይ በአፍንጫ በኩል ክንፍ የመሰለች ሥጋ ወጥታለች፤ አየኋት፣ የፀሐይ ሥጋ ነው፣ ገና ትንሽ ነው፣ ይቆይ አልኩ። እህታችን ግን አልተዋጠላትም፤ «ሲወጣስ ይላካል?» አለችኝ።

«ይላካል» አልኳት።